የማይቀደድ ስፌት

«ገመዱ አተረፈው» ሲሉ ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ሐይቅ ገበያ ላይም ሆነ ሰርግ ቤት፣ አንዱ ስለ ጓደኛዬ ማውራት ከጀመረ ይህችን ቃል ሳይላት አያልፍም። ልጁ ከማማ ላይ ወደቀ፣ ገመዱ ግን አልበጠስም አለ፣ ፈጣሪ ጠበቀው ይላል። ሰሚው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ። የጓደኛዬን ወገብ የሰበረው ያው ገመድ ነው። ይህን አፌን ሞልቼ መናገር ሲገባኝ ከዓመት በላይ ዝም አልኩ፤ ዝም ያሰኘኝን ነገር የምጽፈውም እየተናደድኩ ነው።

ሞባይል ስልክ ወደ ገጠሩ መውጣት በጀመረበት ዘመን በአምባሰል ተራሮች ጫፍ ላይ የብረት ማማ ይተከል ነበር። ሥራውን የያዘው ትልቅ ተቋራጭ ለትንሽ ተቋራጭ ያስተላልፈዋል፣ ትንሹ ደግሞ ለአንድ አለቃ ይሰጠዋል፣ አለቃው እኛን ይሰበስባል። የእኛ ማማ ከውጫሌ በላይ ካለው ጋራ ላይ ነበር። ከታች ሆነው ብረት በገመድ የሚስቡ ሌሎች ሠራተኞች ቢኖሩም ላይ የምንወጣው እኔና ጓደኛዬ ብቻ ነን። ሁለታችንም የሐይቅ ልጆች ነን፤ እሱ እስላም እኔ ክርስቲያን፣ እናቶቻችን ከአንድ ቦኖ ውኃ የሚቀዱ ጎረቤታሞች። ከፍታ አንፈራም ነበር። አለመፍራታችንን አለቃው እንደ ሙያ ቆጠረልንና ሌላ ትምህርት ሳይሰጠን አወጣን።

የሰጠን ነገር ሁለት ቀበቶ ነው። ቀበቶው ጭንንና ትከሻን አቅፎ ይታሰራል፤ ከጀርባው ገመድ ይወጣል፤ የገመዱ ጫፍ ከብረት ጋር የሚያያዝ መንጠቆ አለው። በገመዱና በቀበቶው መካከል ደግሞ በላስቲክ የተሸፈነች፣ መዳፍ የምታህል እሽግ አለች። እሽጓ ምን እንደምትሠራ የነገረን የለም። ስንወጣ ብረት ላይ እየተያዘች ታስቸግረናለች፣ አረፍ ስንል ጎናችንን ትቆረቁረናለች። ሽፋኗ ላይ የማናነበው ጽሑፍ ነበር፤ ከጽሑፉ ሥር የሚወድቅ ሰው ተስሎ ላዩ ላይ ተሰርዞበታል። እኛ «አትውደቅ» ማለት ነው ብለን ተረጎምነው። ለዚህ ምክር ስዕል አያስፈልገንም ነበር ብለንም ሳቅን።

መንጠቆውንም የምናያይዘው እንዳመቸን ነው። ከራሳችን በላይ ካያያዝነው ገመዱ ፊታችን ላይ እየመጣ ያስቸግረናል፣ ስለዚህ ጎንበስ ብለን ከእግራችን ሥር እንሰካዋለን። ከእግር ሥር የተሰካ ገመድ ሲወድቁ እጥፍ እንደሚያስወድቅ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ቆም ብሎ ማሰብ ብቻ ነው። ቆም እንድንል ግን ማን ፈቅዶልን! አለቃው ከታች አንገቱን ቀና አድርጎ «ቶሎ በሉ! ቶሎ በሉ!» ይላል። ያ ሰው ሥልጠና ወስዶ የምስክር ወረቀቱን በፕላስቲክ አሽጎ በደረት ኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። ወረቀቱን ለእንግዳ ሁሉ ያሳያል። ወረቀቱ ላይ ያለውን ለእኛ አልነገረንም።

መጀመሪያ የወደቅሁት እኔ ነኝ። ብሎን በቁልፍ ሳጠብቅ ቁልፉ አመለጠኝና ወደ ኋላዬ ሄድኩ። ከዚያ ከጀርባዬ በኩል አዲስ አቡጀዲ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ረጅም ድምፅ ሰማሁ፤ ሰው ኮሌታዬን ይዞ ቀስ ብሎ እንዳቆመኝ ሆኜ ቀረሁ። የውጫሌ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ከእግሬ ሥር ይወዛወዛሉ። ጓደኛዬ ወርዶ ጎትቶ አወጣኝ። ክርኔ ተልጦ ነበር፣ ሌላ ምንም አልሆንኩም።

መሬት ስንደርስ ገመዱን አየነው። እሽጓ ፈንድታ ውስጧ የነበረው ጥብጣብ ክንድ ሙሉ ተዘርግፏል። ሁላችንም ያየነው አንድ ነገር ነው፤ ገመዱ ሊበጠስ ጥቂት ቀርቶት ነበር አልን። የተቀደደ ነገር ያየ ሰው ሌላ ምን ይላል? አለቃው ጥብጣቡን አንስቶ አገላበጠው። የዚያን ጊዜ ፊቱን ደጋግሜ አስታውሳለሁ፤ ያውቅ ነበር። ከአፉ የወጣው ግን ይህ ነው፦ «ሌላ የለኝም። ወስዳችሁ አሰፉት።»

ጓደኛዬ ደስ አለው። «አባቴ ይሰፋዋል» አለ።

አባቱ ሐይቅ ላይ በአንድ ሱቅ በረንዳ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው የሚሰፉ ልብስ ሰፊ ናቸው። የሠፈሩ ልጅ ሁሉ የለበሰው የእሳቸውን ሥራ ነው፤ እኔም ለጥምቀት የለበስኩትን የመጀመሪያ ሱሪዬን የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። ቀበቶውን ስናመጣላቸው መነጽራቸውን አድርገው የተበጣጠሰውን ክር በጥፍራቸው አነሱት።

«ይህን የሰፋ ሌባ ነው፤» አሉ። «ጠፍሩ ምን የመሰለ ጠንካራ ነው፣ ክሩን ግን አይተኸዋል? የሸረሪት ድር! የሰው ነፍስ ለምትንጠለጠልበት ነገር ክር ይሰስታል?»

ጥብጣቡን በድሮው እጥፋት እያጠፉ መልሰው ሸከፉት። የድንኳን መስፊያ ወፍራም ክር አወጡ። በመኪና ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በወስፌና በእጅ ሁለት ጊዜ ዞሩበት። ሲጨርሱ አንዱን ጫፍ በእግራቸው ረግጠው ሌላውን በሁለት እጃቸው ጎተቱ።

«አሁን በሬም ቢስበው አይተረተርም፣ ኢንሻአላህ። ሂዱ፣ አላህ ከክፉ ይጠብቃችሁ።»

በማግስቱ ማማው ሥር ስንታጠቅ ያንን ቀበቶ ማንሳት አቃተኝ። ጓደኛዬ አይቶኝ ሳቀና የራሱን ፈትቶ ወረወረልኝ። ያልተቀደደውን፣ እሽጓ ደህና የሆነችውን።

«እንካ፣ የኔን ልበስ። የአባቴን ስፌት ሳልለብስ የዋልኩበት ቀን የለም» አለኝ።

እኔም ለበስኩት።

የወደቀው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። ማለዳ ካፊያ ነበር፣ ብረቱ እርጥብ ነው። እኔ ላይ ነበርኩ፣ እሱ ከሥሬ። «ያ አላህ!» ሲል ሰማሁ። የመቀደድ ድምፅ ጠበቅሁ፤ የራሴን ስለማስታውስ ጆሮዬ እሱን ነበር የሚጠብቀው። የመጣው አንድ ደረቅ ምት ነው። ማማው ከላይ እስከ ታች ተንቀጠቀጠ። ወደ ታች ሳይ እንደ ጆንያ ታጥፎ ተንጠልጥሏል። ብረት በምንስብበት ገመድ አውርደን መሬት ላይ ስናጋድመው ዓይኑን ገልጦ «እግሬን ማን ነው የያዘብኝ? በለው ይልቀቀኝ» አለኝ። እግሩን የያዘው ሰው አልነበረም።

ደሴ ሆስፒታል አባቱ ሲመጡ ቀበቶው አልጋው ሥር ነበር። አነሱት። ስፌታቸውን በጣታቸው ተከትለው ከዳር እስከ ዳር ሄዱ፤ አንድም ክር አልተነሳም። «አልሐምዱሊላህ» አሉና ሳሙት። እኔም አብሬ «ተመስገን» አልኩ። ያን ቀን የማውቀው ያንን ያህል ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና፣ ከአደጋው በኋላ ትልቁ ተቋራጭ አንድ የደኅንነት ባለሙያ ላከ። ለግማሽ ቀን ማማው ሥር ሰብስቦን አስተማረን። ከራሳችሁ በላይ አያይዙ አለ። አንዱን መንጠቆ ሳትሰኩ ሌላውን አትንቀሉ አለ፤ እኛ ግን የነበረን ለየራሳችን አንድ መንጠቆ ብቻ ነው። ከዚያ እሽጓን ከፍ አድርጎ ያዛት። «ይህች የምታድናችሁ በመቀደድ ነው» አለ። «ስትወድቁ ውስጧ ያለው ስፌት በየተራ እየተበጠሰ የውድቀቱን ኃይል ይበላዋል። ካልተቀደደች ኃይሉን የሚበላው ወገባችሁ ነው። አንዴ ከተቀደደች ሥራዋን ጨርሳለች፤ ቆርጣችሁ ጣሏት። ስዕሉም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ሰው ከወደቀባት በኋላ አትጠቀሙባት።»

አለቃውን አየሁት። ጫማውን ያይ ነበር። ያን ሰዓት ድንጋይ ባነሳ ኖሮ ማንም አይይዘኝም ነበር። ያላነሳሁት ሌላ ነገር ስለመጣብኝ ነው፤ የጓደኛዬ አባት ቀበቶውን ሲስሙ ታየኝ።

ጓደኛዬ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ተኝቶ ነበር። ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ምነው ምላሴን በቆረጠው! እስክጨርስ ጣሪያውን እያየ ሰማኝ። ከዚያ ክንዴን ይዞ፦

«ይህን አባቴ እንዳይሰማ» አለኝ። «በእስጢፋኖስ ማልልኝ።»

«አለቃው ያውቃል እኮ፣ ወንድሜ! እያወቀ ነው አሰፉት ያለን። ይህን ካልተናገርን በምን እንከሰዋለን?»

«ክሱ ለኔ እግር ይመልስልኛል? አባቴ ከሰማ ይሞታል። ማልልኝ ብዬሃለሁ።»

ማልኩ። እስላም በታቦቴ አስማለኝ፣ እኔም በሐይቅ እስጢፋኖስ ብዬ ማልኩለት። የሐይቅ ሰው ይህን መሐላ እንደ ቀልድ አያየውም።

ሽምግልናው የተቀመጠው በዚያው ሰሞን ነው። ትንሹ ተቋራጭ በአለቃው በኩል ሽማግሌ ላከ። እኛ አገር ሽማግሌ ደጅ ቆሞ አይመለስም፤ ቄሱም ሸሁም ጎን ለጎን ተቀመጡ። አለቃው ነጠላ አጣፍቶ እንደ ልቅሶ ቤት ሰው አጎንብሶ ተናገረ። «እኛ ገመድ ሰጥተናል። ገመዱም አልተበጠሰም። ከዚህ ወዲያ ያለው የፈጣሪ ነው።»

አባቱ ቀና አሉ። «እውነት ነው። ገመዱስ አልተበጠሰም። እኔ ነኝ በእጄ የሰፋሁት፤ ወላሂ አንድ ክር አልተነሳም። ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው፤ እኔም ልጄም አፉ ብለናል።»

ሽማግሌዎቹ አሚን አሉ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ምርቃት ወረደ። አለቃው በሽማግሌዎቹ ትከሻ ላይ አሻግሮ አየኝ። ዝም እንደምል ያውቅ ነበር። የአንድ አባት ኩራት ከለላ እንደሆነለት ገብቶታል፤ ከኋላው ተደብቆ ከነጠላው ነጭ ሆኖ ወጣ። ዕርቅ ብዙ ደም አድርቋል፣ አልክድም። የዚያን ቀኑ ግን የበደለኛ ማምለጫ ነበር፤ እኔም በር ይዤ አሳለፍኩት። ጓደኛዬ ግድግዳ ተደግፎ ከእኔ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። ለእሱ የደረሰው አንድ ባለጎማ ወንበር ነው፤ በእነሱ ግቢ ኮረት ላይ አሥር እርምጃ የማይሄድ።

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ማን እንዳለው ባገኘው! ዝምታ እንደ ማሽላ ነው የሚነቅዘው፤ ጎተራው ሲከፈት ዱቄት ሆኖ ታገኘዋለህ።

እኔ ማማ ትቼ ወደ ኮምቦልቻ ሄጄ የብየዳ ሥራ ያዝኩ። ከዓመት በላይ ቆይቼ አንድ የገበያ ቀን ሐይቅ መጣሁና የጓደኛዬን አባት፣ አባባን፣ ሰላም ልበል ብዬ ወደ በረንዳው ጎራ አልኩ። ከጀርባቸው ካለው ምስማር ላይ ሦስት ቀበቶ ተሰቅሏል። ሦስቱም ከነገመዳቸው፣ ከነመንጠቆአቸው። የሦስቱም እሽግ ተዘርግፏል።

«አባባ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ኧረ ልጄ መጣ! አብሽር፣ ተቀመጥ።» ፊታቸው በራ። «የማማ ልጆች ናቸው። የልጄን ነገር ሰምተው ከውጫሌም ከመርሳም ያመጡልኛል። የዚያ ሽማግሌ ስፌት አይበጠስም ይላሉ አሉ። ሒሳብ አልቀበልም፤ የነፍስ ነገር ነው።»

ከዓመት በላይ የአንድ አባትን ልብ ጠበቅሁ ብዬ ነበር፤ ለካ የማላውቃቸው ሰዎች ወገብ በምስማር ላይ ሲሰቀል ነው የከረመው።

«አባባ፣ እነዚህን አይስፏቸው።»

«ለምን? እጄ ደከመ አሉህ?»

መሐላዬ ትዝ አለኝ። እስጢፋኖስን ይቅርታ ለመጠየቅም ጊዜ አልነበረኝም። አንዱን ቀበቶ ከምስማሩ አውርጄ ስዕሉን አሳየኋቸው፣ ባለሙያው ያለውንም ቃል በቃል ነገርኳቸው። ስለ ልጃቸው አላነሳሁም። እሽጓ ለመቀደድ እንደተሠራች ብቻ ተናገርኩ።

መነጽራቸውን አደረጉና የተበጠሰውን ቀጭን ክር በጥፍራቸው አነሱት። እንደዚያን ቀን ክሩን አልተሳደቡም። ልብስ ሰፊ ናቸውና ከእኛ ሁሉ ቀድሞ ገባቸው።

«ለልክ እንደምንሰፋው ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ኋላ እንዲተረተር ብለን በስሱ እንደምንሰፋው።»

«አዎ፣ አባባ።»

«ስለዚህ ቀጭን ክር ያደረገው... ሌባ አልነበረም።»

«አልነበረም።»

መኪናቸው ላይ ግማሽ የተሰፋ ቀሚስ ነበር፤ ከሥሩ አወጡና አጣጥፈው ጎን አስቀመጡት። ገበያተኛው ከፊታችን ያልፋል፣ አንዲት ሴት ሰላም ብላቸው አልሰሟትም። ከዚያ የጠበቅሁት ጥያቄ መጣ፤ በጠበቅሁት መንገድ ግን አልነበረም።

«ልጄ ያውቃል?»

መዋሸት እችል ነበር። «ያውቃል» አልኩ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሽምግልናው በፊት።»

«እዚያ ተቀምጬ አንድ ክር አልተነሳም እያልኩ ስምል ይሰማኝ ነበር?»

ትልቁን መቀስ አነሱ። ሦስቱን ቀበቶዎች አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ገመዳቸውን ከሥሩ ቆረጡት። ጠፍሩ ወፍራም ነው፤ በሁለት እጃቸው እየተጫኑ እስኪያልባቸው ቆረጡ። ልርዳዎት ስል በክርናቸው ገፉኝ።

«እስካሁን ሰፍቼ የሰጠኋቸው» አሉና በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ሰባት ሆኑ።

ያን ቀን ወደ ልጃቸው አልገቡም። በረንዳውን ዘግተው ተከተለኝ አሉኝና መኪና ተሳፍረን ውጫሌ ወጣን። በቀናት ውስጥ ከማማ ማማ እየዞርን ስድስቱን አገኘናቸው። አንዱ ልጅ ላይ ወጥቶ ነበር፤ አባባ ከሥር ሆነው «ውረድ ልጄ፣ ስለ ነቢ ብለህ ውረድ!» እያሉ አለቀሱ። ልጁ እስኪወርድ መቀሱን ከኪሳቸው አውጥተው ይዘውት ነበር። ጓደኛዬ ነገሩን ሲሰማ ለወራት አላነጋገረኝም። አባቱን ግን አነጋገራቸው፤ ሁለቱ ምን እንደተባባሉ አልጠየቅሁም። የንስሐ አባቴ ስለ መሐላዬ ቀኖና ሰጡኝ። ስለ ዝምታዬ የሰጠኝ የለም። አለቃው ዛሬም ሌላ አገር ማማ ይተክላል ይባላል፣ ወረቀቱም ኪሱ ውስጥ ነው።

ሰባተኛው ሰው አልተገኘም። አንድ ቀን ከገበያ መጥቶ፣ አሰፍቶ፣ መርቆ የሄደ ቀይ ረጅም ልጅ ነው። ወደ ሩቅ አገር ሥራ ሄደ አሉን፤ የሚያውቁት ሰዎች አንድ የስልክ ቁጥር ሰጡን። በየሳምንቱ ከጁምዓ መልስ አባባ በረንዳው ላይ ይጠብቁኛል፤ ዓይናቸው ቁጥር ስለማይለይላቸው የምደውለው እኔ ነኝ። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ደንበኛውን ማግኘት እንደማይቻል ትናገራለች። ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ ራሴን እነቀንቃለሁ።

«እንደገና ሞክር» ይሉኛል።